መለኪያው ዜሮ አለ፣ አልጌው ግን ማደጉን አላቆመም

አንዲት ጥያቄ ጭንቅላቴ ውስጥ ገብታ አልወጣ ብላኝ ከረመች። የጠየቀኝ ታናሽ ወንድሜ ነው። የሂሳብ ሰው ነው፤ ስለ አኳሪየም የሚያውቀው እኔ የምነግረውን ብቻ ነው። አንድ ምሽት አርሊንግተን እኔ ቤት እራት በልተን እንዳበቃን አብሮኝ ወደ ቤዝመንት ወረደ። እኔም የተለመደ ሥራዬን ያዝኩ። ከአኳሪየሙ ውሃ በትንሿ ብልቃጥ ቀዳሁ። ዱቄቱን ጨመርኩ። በደንብ ነቅንቄ ዲጂታል መለኪያው ውስጥ ከተትኳትና ቁጥሩን ጠበቅን።

የምለካው አልጌ የሚመገበውን ፎስፌት ነበር። ለምን እንደምለካ ደግሞ ፊት ለፊታችን ይታያል። ከመስታወቱ ጀርባ ያሉት ድንጋዮች አረንጓዴ ፀጉር የመሰለ አልጌ አብቅለዋል። ከጣት ይረዝማል። ፓምፑ ውሃውን በገፋው ቁጥር ወደ አንድ ወገን ይተኛል፣ ተመልሶ ይነሳል። ከሥሩ ያለው ድንጋይ አይታይም። ሁለት ትናንሽ ኮራሎችም (ድንጋይ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ የባሕር እንስሳት) ተውጠው አናታቸው ብቻ ብቅ ብሎ ቀርቷል።

መለኪያው 0.00 አለ።

“ዜሮ ነው” አልኩት። ወንድሜ መለኪያውን አየ፤ ከዚያ ድንጋዮቹን አየ። “ጋሼ፣ ዜሮ ከሆነ ታዲያ ይሄ ሁሉ ምን በልቶ ነው ያደገው?”

መልስ አልነበረኝም። በሌላው እጄ ፎስፌት የሚመጥ የብረት ኦክሳይድ ከረጢት ይዤ ነበር። ውስጥ ካለው ላይ ልጨምር አስቤ ነው ያወጣሁት። መልሼ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት። ከዜሮ ላይ ምን ሊቀንስልኝ ነው?

## የገባውና የቀረው

የጨው ውሃ አኳሪየም የያዘ ሰው ገና ከጅምሩ የሚሰማው ምክር አንድ ነው። አልጌ በዛብህ ማለት ናይትሬትና ፎስፌት በዛብህ ማለት ነው። ሁለቱን ዝቅ አድርግ፣ አልጌው ይራባል። ምክሩ እውነት አለው። ብዙዎቻችን ኮራል ባለበት ውሃ ውስጥ ናይትሬቱን በሊትር ከ2 እስከ 10 ሚሊግራም፣ ፎስፌቱን ደግሞ ከ0.03 እስከ 0.1 ሚሊግራም ለማድረግ የምንለፋው ለዚህ ነው። በዚህ ምክር ብቻ ቢሆን ግን የእኔ ድንጋዮች ባዶ መሆን ነበረባቸው።

ወደ መልሱ የመራኝ ያው ወንድሜ ነው፣ በራሱ ሙያ። “ደሞዝ በገባ ማግስት አካውንቱ ባዶ የሆነ ሰው ደሞዝ የለውም ማለት ነው እንዴ?” አለኝ። “ገብቶ ወጥቷል። አንተ የምታየው ቀሪ ሂሳቡን ነው።”

እሱ ወደ ላይ ወጣ። እኔ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። እውነቱን ነው። ያ መለኪያ የሚነግረኝ ውሃው ውስጥ የተረፈውን ብቻ ነው። ዛሬ ስንት ገባ፣ ማን ወሰደው፣ እሱን አያውቅም። አልጌ ደግሞ ፎስፌት ሲያገኝ ለዕለቱ የሚበቃውን ብቻ አይወስድም። ትርፉን ሕዋሱ ውስጥ ያጠራቅመዋል። ክፉ ቀን ሲመጣ ከዚያው ያወጣል። ስለዚህ አልጌው በበዛ ቁጥር ውሃው ውስጥ የሚቀረው ያንሳል። ቁጥሩን ዜሮ ያደረገው አልጌው ራሱ ነው።

ደብተሬን አወጣሁ። የየሳምንቱን ቁጥር የምጽፍበት ነው። አልጌው እየወፈረ በሄደባቸው ሳምንታት ፎስፌቱ እየወረደ ይሄዳል። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳያቸው አንዱ ሌላውን ያስረዳል። ይህ ሁሉ ጊዜ ከዓይኔ ፊት ነበር። ጥያቄው ሲጠየቅ ግን ሌላ ነገር ሆኖ ታየኝ።

ታዲያ የሚገባው ከየት ነው? አንዱ በር ምግብ ነው። ለዓሣ የምንሰጠው ነገር ሁሉ፣ ደረቁም በበረዶ የመጣውም፣ ፎስፎረስ አለበት። ይህን የምታውቁት ነው፣ አልደግመውም። እኔ ግን ሦስት ትናንሽ ዓሣ ነው ያሉኝ። የማበላቸውም በቁንጥር ነው። ያን ሁሉ አረንጓዴ ይህ ብቻውን ያሳድጋል ብዬ ለማመን ከበደኝ።

ሁለተኛው በር ድንጋዩ ነበር። አኳሪየሜ 125 ጋሎን ነው፣ ወደ 470 ሊትር። አብዛኛውን ድንጋይ የገዛሁት የራሱን አኳሪየም አፍርሶ ወደ ሌላ ስቴት ከሚሄድ ሰው ነው። ደርቆ፣ ነጥቶ፣ እንደ አዲስ ነበር። የኮራል ድንጋይ ግን ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ካልሲየም ካርቦኔት ደግሞ ፎስፌት ይይዛል። ውሃው ፎስፌት ሲበዛበት ድንጋዩ ላዩ ላይ ያስቀምጣል። ውሃው ፎስፌት ሲያጣ ድንጋዩ መልሶ ይለቃል። በሌላ ሰው ቤት ለዓመታት የተሰጠ ምግብ እዚያ ድንጋይ ላይ ቆይቶ እኔ ቤት ሊወጣ ይችላል።

ይህን ማረጋገጥ ቀላል ነው። ከዚያው ድንጋይ የተረፈኝ አንድ ቁራጭ ጋራዥ ውስጥ ነበር፣ እኔ ቤት ውሃ ነክቶት የማያውቅ። ባልዲ ውስጥ ንጹሕ የጨው ውሃ አዘጋጀሁ። መጀመሪያ ውሃውን ብቻ ለካሁ፤ ዜሮ ነው። ከዚያ ድንጋዩን አስገባሁ። ትንሽ ፓምፕ ጨመርኩ። አልጌ እንዳይበቅል ባልዲውን ከድኜ ጨለማ ውስጥ አስቀመጥኩት። ዓሣ የለም፣ ምግብ የለም፣ ብርሃን የለም። ከጥቂት ቀናት በኋላ ስለካው መለኪያው ከ0.3 በላይ አሳየኝ።

ከዚያ በኋላ አልጌውን ሳየው የቆመበት ቦታ ትርጉም አገኘልኝ። በአሸዋው ላይ የለም። በመስታወቱ ላይ ያለው ስስ ነው። ጥቅጥቅ ብሎ የቆመው ድንጋዩ ላይ ነው፣ ያውም በእነዚያ አሮጌዎቹ ላይ። ከድንጋዩ የሚወጣውን ገና ወደ ውሃው ሳይደርስ ይቀበለዋል። ውሃውን ብቻ የሚያጣራ ነገር፣ ምንም ያህል ቢጎብዝ፣ ለዚያ አልጌ አይደርስበትም።

## ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ

ስለ ሦስተኛው በር ሳልናገር ባልፍ ዋሽንግተንና አካባቢዋ ለምትኖሩ ወገኖቼ አጎድልባችኋለሁ። እሱም የቧንቧ ውሃው ነው።

የዲሲና የአርሊንግተን ውሃ የሚመጣው ከፖቶማክ ወንዝ ነው። የሚያጣራው በአሜሪካ ጦር የመሐንዲሶች ኮር ሥር ያለው ዋሽንግተን አኩዳክት የሚባለው ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ውሃውን የሚያክሙበትን ክሎሪን በክሎራሚን (ክሎሪንና አሞኒያ ተዋህደው የሚሠሩት ጀርም ገዳይ) ተኩት። በቀጣዮቹ ዓመታት ዲሲ ውስጥ ከአሮጌ ቱቦዎች እርሳስ ወደ መጠጥ ውሃው እየገባ መሆኑ ታወቀ። በዚያን ጊዜ እዚህ የነበራችሁ ጭንቀቱን አትረሱትም። መፍትሔ ተብሎ በ2004 የተጀመረው ኦርቶፎስፌት መጨመር ነው። ቱቦው ውስጥ ስስ ሽፋን ይሠራል፤ እርሳሱ ወደ ውሃው እንዳይወጣ ያግዳል።

ይህ ለልጆቻችን ጤና የተደረገ ትልቅ ሥራ ነው፤ እንዲቀር አልፈልግም። ለኮራል ገንዳ ግን ያ ፎስፌት እኛ ከምናልመው መጠን ከአስር እጥፍ በላይ ነው። ክሎራሚኑም የራሱ ጣጣ አለው። ክሎሪን ብቻ ቢሆን ባልዲ ውስጥ ቢያድር ይተን ነበር። ክሎራሚን እንደዚያ በቀላሉ አይሄድም፤ ሲፈርስም አሞኒያ ይተዋል።

ስለዚህ በዚህ ከተማ የጨው ውሃ የሚያዘጋጅ ሰው አርኦ ዲአይ የሚባል፣ ውሃን በደረጃ በደረጃ የሚያጠራ ማጣሪያ ያስፈልገዋል። የደለል ማጣሪያውን፣ የከሰል ማጣሪያውን፣ ሜምብሬኑን (እጅግ ስስ ወንፊት)፣ በመጨረሻ ሬዚኑን (የቀረውን የሚይዝ ጥቃቅን ፍሬ) አልፎ የሚወጣው ውሃ በቲዲኤስ መለኪያ፣ ማለትም ውሃው ውስጥ የሟሟውን በሚለካው፣ ዜሮ መሆን አለበት። ይኼኛው ዜሮ የሚታመን ዜሮ ነው፤ ገና ማንም ያልበላበት ውሃ ነውና። ሬዚኑ ሲደክም ቀድሞ ሾልኮ ከሚያልፈው አንዱ ሲሊካ (አሸዋ የተሠራበት ነገር) ነው። መስታወቱና አሸዋው ላይ ቡናማ አቧራ የመሰለ ነገር ከታየ ዳያተም የሚባል ጥቃቅን አልጌ ነው፤ ሲሊካ ይወዳል። አዲስ አኳሪየም ላይ ብዙ ጊዜ ይመጣል፣ በራሱም ይሄዳል። በቆየ አኳሪየም ላይ ተመልሶ ከመጣ ግን መጀመሪያ ሬዚኑን እዩ። ሌላም አለ። በየጸደዩ ቱቦዎቹን ለማጽዳት ለጥቂት ሳምንታት ክሎራሚኑን አቁመው ክሎሪን ይጠቀማሉ። ያኔ ውሃው ሲቀዳ ይሸታችኋል። እኔ ያንን ጊዜ የከሰሉን ማጣሪያ መቀየሪያ አድርጌዋለሁ።

## የማይታየው ሳር

ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። የቀረና የገባ የሚለው ነገር ከገባኝ በኋላ ስለ ኮራል ሪፍ፣ ኮራሎች ባሕር ውስጥ ስለሚገነቡት ድንጋያማ ወለል፣ የማውቀውን ሁሉ እንደ አዲስ ማየት ጀመርኩ።

ከቤቴ ብዙም በማይርቀው የስሚዝሶኒያን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1980 ሕያው የኮራል ሪፍ ገንዳ ለሕዝብ ታይቶ ነበር። የሠራው የሙዚየሙ ሳይንቲስት ዋልተር ኤዴይ ነው። በዚያ ዘመን ኮራልን ከባሕር አርቆ ማኖር ለብዙዎች የማይሞከር ነገር ነበር። ኤዴይ ውሃውን ያጸዳው በአልጌ ነው። ወንፊት ዘረጋ። ውሃ በሞገድ መልክ አፈሰሰበት። ከላይ ኃይለኛ ብርሃን አበራበት። ወንፊቱ ላይ አልጌ በቀለ። በየጊዜው እየፋቀ ጣለው። አልጌው የበላው ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ከአልጌው ጋር ከገንዳው ወጣ። በዚህ መሣሪያ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ያገኘው በ1982 ነው።

ሐሳቡ የመጣው ካሪቢያን ባሕር ውስጥ ካየው ነው። ጤነኛ ሪፍ ላይ ድንጋዩ ባዶ ይመስላል። ጠጋ ብሎ ለሚያይ ግን ስስ አጭር ሳር ለብሷል። ያ ሳር በጣም ፈጣን ነው፤ በየቀኑ ያድጋል፣ በየቀኑ ይጋጣል። ዓሣው ይግጠዋል፣ ቀንድ አውጣው ይግጠዋል፣ የባሕር ጃርቱ ይግጠዋል። እኛ ከላይ ስናየው ንጹሕ ነው የምንለው። አልጌ ስለማይበቅልበት አይደለም፤ የበቀለው ሁሉ ስለሚበላ ነው።

የሚግጡት ሲጠፉ የሚሆነውን ጃማይካ አይታለች። ዓሣው አስቀድሞ ከመጠን በላይ ተጠምዶ አልቆ ነበር። በ1980 ከባድ አውሎ ነፋስ ሪፉን መታው። የቀረው ዋና ጋጪ ዲያዴማ የሚባለው ረጅም እሾህ ያለው ጥቁር የባሕር ጃርት ነበር። በ1983 ከፓናማ አካባቢ የጀመረ በሽታ በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ በመላው ካሪቢያን አብዛኛውን ጨረሰው። ከዚያ በኋላ አልጌው ሪፉን ወረሰው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን የሪፉን ወለል ይሸፍን የነበረው የጃማይካ ኮራል በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከ5 በመቶ በታች ወረደ።

ይህን ባነበብኩ ቁጥር ያመኛል። አሁን ደግሞ ወደ እኛው ሰፈር መጥቷል። በ2023 በአቃባ ባሕረ ሰላጤ፣ በቀይ ባሕሩ ሰሜናዊ ጫፍ፣ የካሪቢያኑ ዲያዴማ የቅርብ ዘመድ የሆነው የባሕር ጃርት በጅምላ ሲሞት ተመዝግቧል። ቀይ ባሕር በዓለም ላይ ሙቀትን በመቋቋም ከታወቁት ኮራሎች መካከል አንዳንዶቹን የያዘ ባሕር ነው። ሙቀቱን ችሎ በጋጪ እጦት ቢጎዳ ምን ይባላል? አንድ ቤዝመንት ውስጥ ባለ ገንዳ የማየው ነገር እዚያም ያለ ነገር መሆኑን ሳስብ ሥራው ሌላ ክብደት ያገኝብኛል።

## አልጌን አውጥቶ መጣል

እንግዲህ ነገሩ ከገባኝ በኋላ የለወጥኩት ነገር ግልጽ ነው። አልጌውን በረሃብም በመድኃኒትም ገንዳው ውስጥ መግደል ተውኩ። ገንዳው ውስጥ የሞተ አልጌ ይበሰብሳል፤ ያጠራቀመውን ሁሉ መልሶ ውሃው ላይ ይዘረግፋል፤ ሌላው ያነሳዋል። አልጌው ፎስፌቱን ከድንጋዩ አውጥቶ ከሰበሰበልኝ፣ የእኔ ድርሻ ይዞት እያለ ከቤት ማስወጣት ነው።

አሠራሬ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ፓምፖቹን ሁሉ አጠፋለሁ፤ ብጥስጣሹ እንዳይበተን። እስከ ክርን የሚደርስ ጓንት አደርጋለሁ። ቀጭን የውሃ ቱቦ ጫፉ ላይ የጥርስ ብሩሽ አስሬበታለሁ። በአንድ እጄ አልጌውን ከሥሩ ይዤ ወደ ጎን እጠመዝዘዋለሁ። ወደ ላይ ከጎተቱት ሥሩ ይቀራል፤ ከተጠመዘዘ ግን ከስሱ የድንጋይ ቅርፊት ጋር ነቅሎ ይመጣል። ብሩሹ የቀረውን ይፈገፍገዋል፤ ቱቦው ወዲያው ይስበዋል። የቱቦው ሌላ ጫፍ ሳምፑ (ውሃው የሚጣራበት ሁለተኛ ገንዳ) ውስጥ ያለ ወፍራም የጨርቅ ማጣሪያ ከረጢት ውስጥ ነው። አልጌው እዚያ ይቀራል፣ ውሃው ወደ ቦታው ይመለሳል።

የነቀልኩትን ወዲያው አልጥለውም። ነጭ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ትንሽ የአኳሪየም ውሃ አድርጌ እዘረጋዋለሁ። አንድ ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ ሳህኑ መንቀሳቀስ ይጀምራል። ከሩዝ ፍሬ የሚያንሱ፣ ጀርባቸው የጎበጠ ሽሪምፕ መሳይ ፍጥረቶች በጎናቸው እየተንፈራገጡ ይወጣሉ። ፀጉር የሚያህሉ አምስት እጆቿን እያወዛወዘች የምትሳብ የኮከብ ዓሣ ዘመድ አለች፤ መላ አካሏ ከምስር አይበልጥም። እነዚህ ሁሉ እዚያ ጫካ ውስጥ የሚኖሩ ናቸው፤ አልጌና ፍርፋሪ የሚበሉም ናቸው። አልጌውን ቀስ ብዬ አራግፌ እነሱን ወደ ገንዳው እመልሳለሁ። ለዚህም ነው በአንድ ጊዜ አንድ ወይ ሁለት ድንጋይ ብቻ የምነካው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ሁሉንም በአንድ ቅዳሜ ማጽዳት ይቻላል፤ ግን ገንዳው ውስጥ ያለው ኑሮ አብሮ ይፈርሳል።

አንድ ነገር አደራ። ድንጋዩ ላይ ዞአንቲድ ወይም ፓሊቶዋ የሚባሉ ኮራሎች ካሉ በደረቁ አትፈግፍጉ፣ በሙቅ ውሃም አትንኩ፣ በፍጹም አታፍሉ። አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የሚባል ከታወቁት መርዞች ሁሉ ኃይለኛ ከሆኑት አንዱን ይይዛሉ። ድንጋይ ቀቅለው በእንፋሎቱ ብቻ ሆስፒታል የገቡ ቤተሰቦች አሉ። እጃችሁ ላይ ቁስል ካለም ያለ ጓንት አትግቡ።

የመጀመሪያዎቹን ድንጋዮች ካጸዳሁ በኋላ ፎስፌት ለካሁ። 0.08 ሆነ። ከዜሮ ወደ ላይ ወጣ። በፊት ቢሆን ያስደነግጠኝ ነበር። አሁን ግን የጠበቅኩት ነው። የሚበላው አፍ ሲቀንስ ድንጋዩ የሚለቀው በውሃው ውስጥ መታየት ጀመረ። ያን የታየውን ደግሞ ለሌላ አልጌ ሰጠሁት።

ሳምፑ ውስጥ አንዱን ክፍል ለይቼ ኬቶሞርፋ አስገባሁበት። እንደ ተጠቀለለ አረንጓዴ ሽቦ ያለ ሻካራ አልጌ ነው፤ ድንጋይ ላይ አይጣበቅም፣ አይበተንም፣ በእጅ ተይዞ ይነሳል። የዕፅዋት መብራት አድርጌበታለሁ፤ የላይኛው ገንዳ መብራት ሲጠፋ የእሱ ይበራል። በዚህ ሌላ ጥቅምም አለ። ሌሊት የሚጠራቀመውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወስድ የውሃው ፒኤች (የአሲድነቱ መለኪያ) ሌሊት ብዙ አይወርድም። በየጊዜው ግማሹን ቆርጬ አወጣለሁ፣ እጨምቀዋለሁ፣ በኩሽና ሚዛን እመዝነዋለሁ፣ ከድንጋዩ ከነቀልኩት ጋር ደምሬ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። ዛሬ ከፎስፌቱ ቁጥር በላይ የማምነው ይህን ግራም ነው። የገባውን የሚነግረኝ እሱ ነው።

## ረዳቶችና ከልክ ያለፈ ንጽሕና

ስለ ቀንድ አውጣዎች ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ይረዳሉ፤ ግን አጭሩን ነው የሚግጡት። የረዘመውን ፀጉር አብዛኞቹ አይነኩትም። መጀመሪያ እጅ ያሳጥረዋል፣ ከዚያ እነሱ እንዳያድግ ይጠብቃሉ። እኔ ትሮከስ የሚባለውን እመርጣለሁ። ከተገለበጠ ራሱን ይመልሳል፤ ገንዳ ውስጥም ይራባል። አስትሪያ የሚባለው ጎበዝ ሠራተኛ ነው፤ አሸዋ ላይ በጀርባው ከወደቀ ግን ራሱን ማንሳት ያቅተዋል፤ ማንም ካላነሳው ይሞታል። እሱን ከያዛችሁ ጠዋት ጠዋት ማየት ግዴታችሁ ነው። ሲ ሄር የሚባለው ትልቅ የባሕር ቀንድ አውጣ ረጅሙን ፀጉር ሳይቀር ጠራርጎ ይበላል። ሲያልቅበት ግን በረሃብ ይሞታል። ለሌላ ሰው የምታስተላልፉበት መንገድ ከሌላችሁ አትግዙት። ሕይወት ያለው ነገር እንደ ብሩሽ ተጠቅመን የምንጥለው አይደለም።

ብርሃንም አለ። በቀን 8 ሰዓት ገደማ ለኮራሎቼ ይበቃቸዋል። ስለሱ ብዙ የምለው የለኝም።

ከሁሉ በላይ እንዳታደርጉት የምለምናችሁ ግን ውሃውን እውነተኛ ዜሮ ላይ ማድረስን ነው። የማውቀው አንድ ሰው ነበር፤ ገንዳው ውስጥ አልጌ የሚባል አይታይም፣ ናይትሬትም ፎስፌትም ዜሮ፣ መምጠጫውም ሳያቋርጥ ይሠራል። ቀስ በቀስ ኮራሎቹ ገረጡ። ከዚያ አሸዋው ላይ ቡናማ ልጋግ መጣ፣ የአየር ፊኛ የያዘ፣ ሲነኩት እንደ ንፍጥ የሚሳብ። ማታ ይቀንሳል፣ ብርሃን ሲበራ ይመለሳል። ዳይኖፍላጀሌት ነው። ሌሎቹ ሁሉ በረሃብ ሲዳከሙ ቦታውን የሚይዝ ፍጥረት ነው። አንዳንዱ ዓይነት መርዛማ ስለሆነ የበሉት ቀንድ አውጣዎች መሞት ጀመሩ። መውጫው ናይትሬትና ፎስፌቱን መልሶ መጨመርና ሌሎቹ ጥቃቅን ሕይወቶች እስኪያገግሙ መታገስ ነበር። እነዚያን ገርጥተው የቆሙ ኮራሎች ካየሁ ወዲህ የድንጋይ ላይ ጥቂት አረንጓዴ አያስጨንቀኝም።

የእኔ ገንዳ አሁን ያለበትን ልንገራችሁ። መጀመሪያ አካባቢ በአንድ ጊዜ 300 ግራም ገደማ አልጌ አወጣ ነበር፤ አሁን ከድንጋዩም ከሳምፑም ተደምሮ ከ100 በታች ነው። ምግቡን አልቀነስኩም። ይህ ማለት ድንጋዩ የያዘውን እየጨረሰ ነው ማለት ነው። ፎስፌቱ 0.05 አካባቢ ይውላል። ፀጉሩ በለቀቀው ቦታ ኮራላይን የሚባለው ሮዝና ሐምራዊ አልጌ እየተነጠፈ ነው። እሱም አልጌ ነው፤ ግን እንደ ኖራ ድንጋዩ ላይ ተለስኖ ስለሚጠነክር ለፀጉሩ ቦታ አይለቅም። ሁለቱ ተውጠው የነበሩት ኮራሎች ወጥተዋል፤ አንደኛው ጫፉ ላይ አዲስ ነጭ እድገት አሳይቷል።

ቀጣዩ ሥራ ቫሎኒያ የሚባለው አልጌ ነው። ከኋላ ባለው ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ አረንጓዴ ዶቃ የመሰሉ ሦስት አራት ፊኛዎች አይቻለሁ። እያንዳንዱ ፊኛ አንድ ሕዋስ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ገና በእፍኝ ሳይሆኑ ልነሳላቸው አስቤያለሁ። ውሃው ውስጥ ከፈነዱ ብዙ ጥቃቅን ሊለቁ ስለሚችሉ ድንጋዩን ወደ ባልዲ አውጥቼ፣ በጠፍጣፋ ጩቤ ከሥራቸው እየፈነቀልኩ፣ ቦታውን በንጹሕ የጨው ውሃ አጥቤ ነው የምመልሰው። ኤመራልድ የሚባለው ሸርጣን ይበላቸዋል ይባላል፤ አንዳንዱ ይበላል፣ አንዳንዱ ዞር ብሎም አያያቸውም። ስለዚህ መጀመሪያ በእጄ እሞክራለሁ፤ ሸርጣኑን የማስበው ከዚያ በኋላ ነው።